አይዞህ የተከለከለበት ክፍል

የኦቦ ደቻሳን ሞት የሰማነው ከራሳቸው ስልክ ነው።

ኦቦ ደቻሳ ለነርሲንግ መውጫ ፈተና ሲያዘጋጁን የአእምሮ ሕክምና ነርሲንግ ያስተማሩን ሰው ናቸው። ፈተናውን አልፈን በየአቅጣጫው ከተበተንን በኋላም አልለቀቁንም። በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ በየማለዳው አንድ ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ ይለጥፋሉ፤ «የዛሬው በሽተኛ» ይሉታል። በአንድ ጣት እየለቀሙ ስለሚጽፉ አንዷ ጥያቄ ምን ያህል እንደምታደክማቸው እናውቃለን። እኛም ሥራ ይዘን፣ አግብተን፣ ወልደን፣ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቀን ቀድሞ ለመመለስ እንሽቀዳደማለን። ቀድሞ ያገኘ ሰው «ጎበዝ፣ ስንገናኝ ሻይ አለህ» ይባላል። እኔ ብቻ ስንት ሻይ እንዳለኝ አላውቅም።

በዚያ ማለዳም በተለመደው ሰዓት ከስማቸው ሥር ረዘም ያለ ጽሑፍ መጣ። ናትናኤል የሚባል የሰበታ ልጅ አለ፤ ዘዴው መጀመሪያ መመለስ፣ ከዚያ ማንበብ ነው። ጽሑፉ ከመድረሱ «ቢ» ብሎ ላከ። ጽሑፉ የልጃቸው ነበር፤ አባታችን ኦቦ ደቻሳ ዛሬ ሌሊት አርፈዋል፣ ቀብራቸው ነገ ቡራዩ ነው ይላል። ከሥሩ የናትናኤል «ቢ» ተቀምጣለች።

ያነበብኩት ሱሉልታ፣ የምሠራበት ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሜ ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ አላፈንኩትም። ከዚያ ለቅሶው ተከተለ፤ እሱንም አላፈንኩትም። አንድ ላይ ሲመጡብኝ ግራ የተጋባችው የጥበቃዋ ሴትዮ ወንበር ሰጠችኝ። በዚያች «ቢ» ከሁላችንም በላይ የሚስቁት ኦቦ ደቻሳ ነበሩ፤ እሱ ነው ያቃጠለኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ከኮሌጅ ተመርቀን መውጫ ፈተናውን የወደቅን፣ ወይም ለመውደቅ የተሰናዳን ሰዎች ተሰባስበን ሰበታ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ብየዳ ቤት በላይ፣ አንዲት ክፍል ተከራየን። ሌላውን ትምህርት እንደምንም እንገፋዋለን። የአእምሮ ሕክምናው ጋ ስንደርስ ግን አራቱም መልስ ትክክል ይመስለናል። በሽተኛው አንድ ነገር ይናገራል፣ ነርሷ ምን ትበለው ነው ጥያቄው፤ ከሥሩ አራት ደግ ደግ ነርሶች ተደርድረዋል። ከአራት ደግ ሰው አንዱን መርጦ ሦስቱን ጥፋተኛ ማድረግ ደግሞ ለእኛ አስተዳደግ የሚከብድ ነገር ነው። ሲጨንቀን ሰው አጠያየቅን፤ ከአእምሮ ሕክምና ነርስነት ጡረታ የወጡ፣ ገፈርሳ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሉ ተባልን። ለቅዳሜ ቀጠርናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት መምህሩ ዘገዩ። የኋላው አግዳሚ ላይ ግን ሹራባቸውን ገልብጠው የለበሱ፣ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ናትናኤል ብየዳ ቤቱን ፈልገው ደረጃ የተሳሳቱ መስሎት፣

«አባባ፣ ብየዳው ታች ነው» አላቸው።

«ብየዳ አልፈለግኩም። ውሃዬን ነው የፈለግኩት።»

«የምን ውሃ?»

«የገፈርሳ ግድብ የኔ ነው። አዲስ አበባ በሙሉ ሳታስፈቅደኝ ትጠጣለች።»

የእኔ አፍ መቼም ተራ አይጠብቅም፤ «አባባ፣ ግድቡ የመንግሥት ነው» አልኩ።

«ካርታው እጅሽ ላይ አለ?» አሉኝ። ካርታ አልነበረኝም።

ናትናኤል በክርኑ ነካ አደረገኝና ድምፁን አለስልሶ «ልክ ነዎት አባባ፣ የእርስዎ ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን» አላቸው። በዚህ ጊዜ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ቀጭን ልጅ ዞር አለች። መክሊት ትባላለች፣ የዓለም ገና ልጅ ናት። እጆቿን አጣምራ፣ ለባለሥልጣን አቤቱታ እንደምታቀርብ ሆና፣

«እንግዲያው አባባ፣ ዓለም ገና ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። ለዛሬ እንኳ ትንሽ ይልቀቁልን፤ ልብስ ዘፍዝፌ ነው የመጣሁት» አለቻቸው።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ፊታቸውን አጥብቀው ለመያዝ ታገሉ፤ ትከሻቸው ግን ከዳቸው። ተነሱ፣ ሹራባቸውን አውልቀው አቅንተው ለበሱ፣ ወደ ሰሌዳው ሄዱ።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ። ደቻሳ እባላለሁ። ሦስታችሁም ወድቃችኋል» አሉ። «አንዷ ተከራከረችኝ፣ አንዱ ዋሸኝ፣ አንዷ ደግሞ ውሃ ለመነችኝ።»

ከዚያ እንዴት መባል እንደነበረበት አሳዩን። ግድቡ የማን እንደሆነ አይጣራም፤ አዎም አይባልም። «እኔ የማውቀው የሕዝብ መሆኑን ነው፤ እርስዎ ግን ንብረትዎን እንደተቀማ ሰው ተቆጥተዋል፤ ስለ እሱ ይንገሩኝ» ይባላል። «ሰውየው ተበድያለሁ እያለ ነው፤ በደሉን ስሙለት። የግድቡን ባለቤት የሚያጣራ ሌላ መሥሪያ ቤት አለ።» ስለ ዴሉዥን፣ ስለማይናወጥ የተሳሳተ እምነት፣ ከዚያ በፊት አንድ ሞዱል ሙሉ አንብቤ ነበር። የቀረኝ ግን ያ ጠዋት ነው።

እንዲህ ነበር የሚያስተምሩት። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው ግን ጥያቄውን ሁሉ ወደ ሰው ይለውጡታል። «ሰው በእንግሊዝኛ አይታመምም» ይላሉ፤ «መጀመሪያ ሰውየውን እወቁት፣ እንግሊዝኛውን በኋላ ታለብሱታላችሁ።» በሽተኛ ሆነው ሲጫወቱ በእሳቸው አተዋወን እንድንስቅ ይፈቅዳሉ፤ በበሽታው ከሳቅን ግን ትምህርቱ እዚያው ይቆማል። «እብድ» የሚል ቃል ከአፋችን ከወጣ ጃንጥላውን አንስተው በሩን ያሳዩናል። ስማችንን ሳይሆን ሰፈራችንን ነበር የሚጠሩት፤ እኔ «ሱሉልታ» ነኝ፣ ናትናኤል «ሰበታ»፣ መክሊት «ዓለም ገና»። ከታች ብረት መቁረጫው እየጮኸ ጆሮአችንን ሲበጥሰው ንግግራቸውን ያቆሙና «ይሄ ሃሉሲኔሽን አይደለም፤ ሁላችንም ሰምተነዋል» ብለው ይቀጥላሉ። በየሳምንቱ ይሉታል፣ በየሳምንቱ እንስቃለን።

ዋናው ሕጋቸው ግን «አይዞህ» ማለትን መከልከላቸው ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ አይዞህ፣ አይዞሽ፣ አይዞዎት ያለ ሰው ተነስቶ መስኮቱ ጋ ይቆማል፤ ሌላ ሰው ተሳስቶ እስኪተካው ድረስ አይቀመጥም። ቀላል እንዳይመስላችሁ። አበሻ ሲታመም፣ ሲደናቀፍ፣ ሲያለቅስ፣ ሲወድቅ፣ እስክሪብቶ ሲወድቅበት እንኳ የምንለው ይህንኑ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መስኮቷ ያለ ሰው አልዋለችም። እኔማ ጀርባዬን ለሰበታ ፀሐይ ሰጥቼ ግማሹን ኮርስ የጨረስኩት ቆሜ ነው።

አንድ ቀን ተናድጄ «አይዞህ ምን አደረገዎ?» አልኳቸው።

«ምንም አላደረገኝም፤ ደግ ቃል ነው። እናቴም ብላኛለች» አሉ። «ግን ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ስትይው፣ አፍህን ዝጋ ማለትሽ ነው። መጀመሪያ ደህንነቱን አረጋግጪ። ከዚያ ስሜቱን ስሚ። ከዚያ ሻይ። ሻዩ ላይ ስትደርሺ አይዞህ ብትይው አልጣላሽም።»

ደህንነት፣ ስሜት፣ ሻይ። ፈተናው ላይ ግራ ሲገባኝ ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል ሄጃለሁ፤ ሻይ የሚል አማራጭ አለመኖሩ ብቻ ነው ቅር ያለኝ።

ሲያስተምሩ ብቻ ሳይሆን ሲሠሩም አይቻቸዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ከሰበታ ወደ ዓለም ገና በሚሄድ ሚኒባስ አብረናቸው ተሳፈርን፤ እሳቸው፣ መክሊትና እኔ። መንገድ ላይ ከፊታችን የተቀመጠች ሴት በድንገት ደረቷን ይዛ ታለከልክ ጀመር። «ሞትኩ፣ ልቤ ሊቆም ነው» ትላለች። መኪናው ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «መስኮት ክፈቱላት፣ አየር ታግኝ» ይላል፤ ግማሹ «ዝጉት፣ ጭራሽ ንፋስ ሊመታት ነው» ይላል። አንዱ ሰውዬ ይከፍታል፣ ከኋላው ያሉት ወይዘሮ ይዘጋሉ፣ ይከፍታል፣ ይዘጋሉ። አንዱ ጸበል ይላል፣ ሌላው ክርኗን እያሸ ነው። ሴትዮዋ መሃል ላይ ትታፈናለች።

ኦቦ ደቻሳ ከመቀመጫቸው ወርደው ከእግሯ ሥር ቁጢጥ አሉ። የልብ ሕመም እንዳለባት፣ ሕመሙ ወደ ክንዷ እንደሄደ፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆና እንደምታውቅ ጠየቋት። ሆና ታውቃለች፤ ሐኪምም አይቷት ልብሽ ደህና ነው ብሏታል። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ባጭር ባጭሩ፣ «እዚህ ነኝ። የትም አልሄድም። ከእኔ ጋር ተንፍሺ። ቀስ።» ሌላ ነገር አልተናገሩም። ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ትንፋሿ ረጋ፤ የሰዎቹም ረጋ። መስኮቱ ግማሽ ላይ ቀርቷል፣ ማንም አላስተዋለውም።

«ዶክተር ነዎት?» አሏቸው ወይዘሮዋ።

«ነርስ ነኝ» አሉ። ደረታቸውን ነፋ አድርገው ነበር ያሉት። ለሴትዮዋም አሁንም ቢሆን ደግማ እንድትታይ ነግረው፣ ዓለም ገና ስንወርድ ከእኛ ጋር ሻይ አጠጧት።

እሷ ከሄደች በኋላ ወደ እኛ ዞረው «እሺ፣ ነርሷ መጀመሪያ ምን ታድርግ ነበር?» ሲሉ መክሊት ፈጥና «ዲ፦ መስኮት ከፋቹንም ዘጊዋንም ከመኪናው ታውርድ» አለች። ሻዩ በአፍንጫቸው ሊወጣ ነበር።

መክሊት እንዲህ ናት። ባለችበት ሳቅ አይጠፋም። አባቷ ጋሽ ሙሉጌታ ዓለም ገና የሕንፃ መሣሪያ ይነግዳሉ፤ ሱቃቸው ውስጥ፣ ከቀለሙ ቆርቆሮ በላይ፣ የመክሊት የምረቃ ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል። ሚስማር ሊገዛ የመጣ ሁሉ «ያቺ ልጄ ናት፤ ሲስተር ሆናልኛለች» ይባላል። መውጫ ፈተናውን ሳያልፉ ሲስተር አይኮንም። መክሊት አንዴ ወድቃ ለአባቷ ነገረች፤ «በሚቀጥለው ታልፊያለሽ» አሏት። በሚቀጥለውም ወደቀች፤ ያን ጊዜ አልነገረችም። አባቷ ዝምታዋን ማለፍ ብለው ተረጎሙት። ጎረቤቱን ደም ግፊትህን አስለካ እያሉ ይልኩባታል፤ እሷም ለእኛ እያስመሰለች ታስቀናለች። እኛ እንስቃለን። ሦስተኛው ፈተና እየቀረበ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ርዕሳችን ድባቴ ሆነ። ኦቦ ደቻሳ ጃንጥላቸውን ግድግዳ አስደግፈው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ትከሻቸውን ጣሉ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። በአንድ አፍታ ሌላ ሰው ሆኑ። የዕለቱ ነርስ መክሊት ናት።

«ዛሬ ምን ይሰማዎታል?» አለች።

«ምን ይሰማኛል። ምነው ሞቼ ባረፍኩ።»

ይህን ነገር በየቤታችን ስንቴ እንለዋለን። ኔትወርክ ሲጠፋ እንላለን፣ የታክሲው ሰልፍ ሲረዝም እንላለን። መልሱም የታወቀ ነው፤ «ኧረ ተይ፣ እንዲህ አይባልም» ብለን እናልፋለን። ኦቦ ደቻሳ ያንን ሊያስጥሉን ነበር ያመጡት። እኛ ግን መክሊት ምን ቀልድ ይዛ እንደምትመጣ ነበር የምንጠብቀው።

መክሊት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ «እኔም» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ናትናኤል ጠረጴዛ መታ። እኔም ሳቅኩ።

ኦቦ ደቻሳ አልሳቁም። በሽተኛው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። ቀና ብለው አዩዋትና፣ ዓይናቸውን ከእሷ ሳይነቅሉ «ሁላችሁም ሻይ ጠጥታችሁ ኑ» አሉ።

«ኧረ ኦቦ፣ ገና አሁን ጀመርን እኮ» አለ ናትናኤል።

«ሻይ!»

ሻይ ከደህንነት ቀድሞ ሲመጣ ያን ቀን ብቻ አየሁ። ሁሉም ወጣ። እኔም ስነሳ መክሊት የሹራቤን እጅጌ ያዘች። «ሱሉልታ ትቆይ?» አሏት፤ ራሷን ነቀነቀች። ወንበራቸውን ወደ ጎኗ አስጠጉ።

«መክሊት» አሉ። በስሟ ሲጠሯት ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ሕይወትሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው?»

ይህን ጥያቄ ወረቀት ላይ ደጋግሜ መልሼዋለሁ፤ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ውስጥ አይከትም፣ ይልቅ እንዲናገር በር ይከፍትለታል የሚለውን ሁልጊዜ ትክክል አገኛለሁ። ጓደኛዬ ፊት ሲነገር ግን ጣሪያው የሚወርድብን መሰለኝ። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ወይም ትስቃለች ብዬ።

«አዎ» አለች። ከባድ ዕቃ መሬት እንደሚያስቀምጥ ሰው ነበር ያለችው።

ብረት መቁረጫው ከታች ጮኸ። ኦቦ ደቻሳ የተለመደችውን ቀልድ አልቀለዱም፤ ጩኸቱ እስኪያበቃ ጠበቁ። ከዚያ የቀሩትን ጥያቄዎች በዚያው በማይቸኩል ድምፅ ጠየቋት፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ሐሳቡ ምን ያህል እንደቀረባት፣ ቤት ውስጥ ማን አብሯት እንዳለ። አልገሠጿትም። ስለ ኃጢአት አልነገሯትም፣ ወጣት ነሽ ገና ብዙ አለሽም አላሏት። ሁሉንም ሰምተው «ይህን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽ እኛን ስታስቂ ከረምሽ» አሏት። ያኔ ነው ያለቀሰችው። የእኔ አፍ «አይ...» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ መለስኩት። ጀርባዋን ብቻ ያዝኩ።

«ለአባቴ እንዳይነግሩብኝ» አለች በመጨረሻ።

«እሱን ቃል አልገባልሽም። በሕይወት እንድትኖሪ የሚያስፈልገውን እናገራለሁ። ግን ከጀርባሽ አልናገርም፤ አንቺው ባለሽበት ነው።»

ጋሽ ሙሉጌታ ተጠርተው ሲመጡ የሱቅ ካፖርታቸው ላይ ሲሚንቶ ነበር። ደረጃውን ወጥተው ልጃቸውን እያለቀሰች ሲያዩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ኦቦ ደቻሳ ጃንጥላውን ከፍ አድርገው «መጀመሪያ ይቀመጡ፣ ከዚያ ይስሙ» አሏቸው። ተቀመጡ። ሰሙ። ሲሚንቶ ባቦነነው እጃቸው ፊታቸውን ሲጠርጉ ሽበታቸው ጨመረ።

«ፎቶሽን ላውርደው?» አሏት።

«አይ፣ ይቆይ» አለች መክሊት እያነፈነፈች። «ግን ሲስተር እያልክ አትጥራኝ።»

«እሺ፣ መክሊት።»

በዚያው ቀን አራታችንም አዲስ አበባ ወዳለ ሆስፒታል ሄድን። ኦቦ ደቻሳ ሐኪሙ እስኪያያት ድረስ ከበሩ አልተነሱም። ሁሉም ነገር መስመር ከያዘ በኋላ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ቆሙና «አሁን ሻይ» አሉ። እንደዚያ ቀን ሻይ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ መክሊት ራሷ ናት፤ «ቀልዶቼን ግን እንዳታበላሺብኝ» ብላ።

ሕክምናዋን ጀምራ፣ ክትትሏን ይዛ፣ ከሳምንታት በኋላ ወደ ክፍላችን ተመለሰች። የቀሩት ታማ ነበር ከማለት ሌላ አያውቁም። ገብታ ገና ሳትቀመጥ ናትናኤልን ፀጉርህን ማነው የተበቀለው ብላ አስቃን ነበር። ኦቦ ደቻሳ ሰሌዳው ላይ የሚጽፉትን ትተው አዩዋት። ከዚያ ከአፋቸው አመለጣቸው።

«አይዞሽ» አሉ።

«ተያዙ!» ብሎ ጮኸ ናትናኤል። ኦቦ ደቻሳ ጠመኔውን አስቀመጡ፣ ጃንጥላቸውን አነሱ፣ ሄደው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ፊታቸውን ወደ ውጭ ነበር ያዞሩት፤ እኛ ስንቆም ወደ ክፍሉ ነው የምንዞረው። ብዙ ቆዩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ በሳቅ የመሰላቸው ልጆች ነበሩ። ያን ቀን ደግሞ እንደ ክፉ ዕድል ማንም አይዞህ የሚል ጠፋ። በመጨረሻ ናትናኤል ተነስቶ፣ ሁላችንም እየሰማነው፣ «አይዞዎት ኦቦ» አለና ሄዶ ተካቸው።

መክሊት ፈተናውን አለፈች። እኔም፣ ናትናኤልም አለፍን። እሷ ዛሬ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው። አባቷ ፎቶውን አላወረዱም፤ ገዢው ሲጠይቃቸው «ልጄ መክሊት ናት» ብለው ያቆማሉ፤ ገፍቶ ከጠየቃቸው ነው ሌላውን የሚጨምሩት።

ለቀብር ቡራዩ ስንደርስ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ናትናኤል «ቢ ያለውን ሰው ይፈልጉት ይሆን?» እያለ ከኋላዬ ተደብቆ ገባ። ባለቤታቸውን አዴ ጫልቱን ከዚያ በፊት አይተናቸው አናውቅም። መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ፣ በጎረቤት ሴቶች ተከበው ተቀምጠዋል። ኦቦ ካረፉበት ሌሊት ጀምሮ እህልም ውሃም በአፋቸው እንዳልዞረ ሴቶቹ ይንሾካሾካሉ። ያመጡላቸውን ሁሉ በእጃቸው ይመልሳሉ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ትንሽ ሲረጋ፣ አዴ ጫልቱ ለማንም ሳይሆን፣

«ምነው እኔንም አብሮ በወሰደኝ» አሉ።

«ኧረ እንዲህ አይባልም!» «ኧረ እግዜር ይቆጣል!» «አይዞሽ ጫልቱ፣ አይዞሽ!» ሴቶቹ ሁሉ ባንድ ላይ ተንጫጩ። አዴ ጫልቱ አፋቸውን ዘጉ።

መክሊት ከአጠገቤ ተነሳች። ነጠላዋን እየሰበሰበች በሰዎቹ መሃል አልፋ ሄደች፣ ፊታቸው ተንበረከከች፣ እጃቸውን ያዘች። ምን ልትል እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ናትናኤልም አውቆት «ወይኔ» አለ።

«አዴ፣ መሞት እንደሚመኙ ሰማሁ። ሕይወትዎን ለማጥፋት እያሰቡ ነው?»

«ምን ዓይነት ባለጌ ናት! ማን ናት እሷ?» አሉ አንዲት ሴት። መክሊት ዞር አላለችም። አዴ ጫልቱ ትኩር ብለው አዩዋት፤ ያን ቀን ሰው ያዩት ገና ያኔ መሰለኝ።

«ላኪ፣ ኢንተላ ኮ። አይ ልጄ» አሉ። «እሱንስ አላሰብኩም። እንዲያው ቤቱ ጭር ብሎ አስፈርቶኝ ነው።»

«ጭር ሲል» አለች መክሊት።

«ጭር ሲል... ዝም የሚል ሰው አልነበረም እኮ እሱ። ዓርብ ዓርብ ማታ በሽተኛ ይሆንብኛል። ለናንተ ሊያመጣው ነው፤ እኔን ነርስ አድርጎ ይለማመድብኛል። አንድ ቀን ንጉሥ ነኝ ይላል፣ አንድ ቀን ግድቡ የኔ ነው ይላል፣ አንድ ቀን ጥግ ይዞ አልናገርም ይላል። እኔ እውነት እየመሰለኝ አይዞህ ደቻሳ እለዋለሁ። ወደቅሽ ይለኛል። ስንት ዓመት ሙሉ ጠይቆኝ አንድ ቀን አልፌለት አላውቅም።» ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «ዓርብ ሲመጣ ምን እሆናለሁ?»

መክሊት እጃቸውን እንደያዘች ቆየች። ቅድም ባለጌ ያሏት ሴትዮ ቀስ ብለው ቁጭ አሉ። አዴ ጫልቱ ዓርቦቹን አንድ በአንድ እያወጡ ነገሩን፤ እያለቀሱ ይስቃሉ፣ እየሳቁ ያለቅሳሉ። ሲደክማቸው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠራረጉና መክሊትን አዩዋት።

«ደህንነቴን ጠየቅሽ። ስሜቴንም ሰማሽ» አሉ። «ሻዩስ?»

ናትናኤል ሰው እየረገጠ ሮጠ። ይዞት ሲመጣ ግማሹን ሳህኑ ላይ ደፍቶት ነበር። አዴ ጫልቱ ተቀብለው ጠጡ፤ ዳቦም ቆረሱ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ሲመሽ ልንሄድ ተነሳን። መክሊት ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ሳመችና «አይዞዎት አዴ» አለች። ብላው ሳትጨርስ አፏን በእጇ ያዘች። ሰምታ ስለጨረሰች ኦቦ ደቻሳ ቢኖሩ ይፈቅዱላት ነበር፤ እሷ ግን ሄዳ፣ መስኮት ስላልነበረ፣ የድንኳኑ በር ላይ ቆመች። ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች።

የሚተካት ሰው ያስፈልጋል። «አይዞዎት አዴ» አልኩና ሄጄ ከጎኗ ቆምኩ፤ እሷ ግን ቦታዋን አልለቀቀችም። ናትናኤልም እንዲሁ ብሎ መጣ። ከኋላችን የሰበታው ክፍል ልጆች አንድ በአንድ እየተነሱ፣ አዴን እየሳሙ፣ አይዞዎት እያሉ መጥተው ተደረደሩ። ለቀስተኛው ምን እንደነካን ስላልገባው ለመውጣት የተሰለፍን መስሎት መንገድ ይለቅልን ነበር።

ከውስጥ የአዴ ጫልቱ ድምፅ ተሰማ፤ በለቅሶ የሻከረ ሳቅ ነበረበት።

«ኑ ግቡ» አሉ፤ «ሁላችሁም ወድቃችኋል። ዓርብ ኑና ትደግሙታላችሁ።»